በቃል ያለና በጽሑፍ ያለ፤ በጆሺማት ከተማ ያየነው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ የጽሕፈት ሥራ በያዝን ሰዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። በልጅነታችን የኔታ ሲናገሩት ሰማነው፤ ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ በፈረንጅ ቋንቋ ይህንኑ የመሰለ ነገር ተማርን፤ ከዚያም ወዲህ በችሎት ጸሐፊነት በቆየንበት ዘመን ሁሉ፤ ባለጉዳዩ «ነገሬን ይጻፉልኝ» እያለ ሲለምነን፤ አንድ ነገር ከተጻፈ አይጠፋም ብለን አምነን ኖርን። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በሕንድ አገር በተራራ ላይ ባለች አንዲት የተሳላሚዎች ከተማ ሦስት ቀን በተቀመጥን ጊዜ ይህን ምሳሌ ተገልብጦ አገኘነው። በዚያች ከተማ በቃል የተነገረው በሰው ሁሉ አፍ ይኖራል፤ በጽሑፍ የተሰጠው ግን ብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ፤ ተረስቶም ሳለ የብዙ ሰው ቤት ተሰነጠቀ። ነገሩ የቤትና የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልናካፍለው ወደድን። የሕንድ አገሩን ነገር ዓመቱን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፈዋለን።

ወደ ሕንድ አገር የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። እናታችን የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ስለ ነበረ፤ ዛሬ ብዙ የአገራችን ሰዎች እንደሚያደርጉት፤ ወደ ዴልሂ ወስደን አሳከምናቸው። ሕክምናው በደኅና ከተፈጸመ በኋላ ሐኪሙ «እንደ ገና እስካያቸው ድረስ ሦስት ሳምንት ይቆዩ» ስላለ፤ እኅታችንና እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ቀን እንቆጥር ጀመር። እናታችን በወጣትነታቸው ግሸን ማርያምን በእግራቸው የተሳለሙ ሴት ናቸው። አንድ ቀን አስታማሚያቸው ስለ ሂማላያ ተራራ ተሳላሚዎች ስትናገር ሰምተው፤ «ልጄ፤ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ግድግዳ ከምታይ፤ ሄደህ እነዚህ ሰዎች ተራራቸውን እንዴት አድርገው እንደሚሳለሙ እይና ንገረኝ። ለኔ እኅትህ ትበቃኛለች» አሉን። የእናት ቃል ነውና ተነሣን።

ከዴልሂ እስከ ሃሪድዋር በባቡር ሄድን፤ ከዚያም ወደ ሪሺኬሽ ተሻግረን ተሳላሚዎች በሚጓዙበት አውቶቡስ ተሳፈርን። ከሪሺኬሽ እስከ ጆሺማት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ነገር ግን መንገዱ የወንዙን ገደል ተከትሎ የሚጠማዘዝ ስለ ሆነ ከማለዳ እስከ ማታ ይፈጃል። የጋንጅስ ወንዝ ስሙን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ዴቭፕራያግ በምትባል ስፍራ ነው፤ በዚያ ባጊራቲና አላክናንዳ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። ከዚያ በላይ መንገዱ አላክናንዳን እየተከተለ ይወጣል። በላዩ አራት ሌሎች መገናኛዎች አሉ፤ አምስቱም በሂንዱ ሃይማኖት እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚቈጠሩ ናቸው።

ከፊት ለፊታችን ከደቡብ ሕንድ የመጣ አንድ ቤተ ሰብ ተቀምጦ ነበር፤ አያት፤ ልጅና ምራት፤ ሁለት የልጅ ልጆችም ነበሩ። አባትየው በእጁ ስልክ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲጓዝ፤ አሮጊቲቱ ግን በያንዳንዱ የወንዝ መገናኛ ልጆቹን በመስኮት እያሳየች ታሪኩን ትነግራቸው ነበር። ቋንቋውን ባናውቅም የልጆቹ ፊት ይናገር ነበር። ከሩድራፕራያግ በላይ ናዳ መንገዱን ስለ ዘጋው ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። በዚያ ጊዜ አሮጊቲቱ ከስንቅዋ አውጥታ ለኛም አካፈለችን። ተሳፋሪው ሁሉ «ጃይ ባድሪ ቪሻል» እያለ በአንድ ድምፅ ይጮህ ነበር፤ ይህም ለታላቁ ባድሪ ክብር ይሁን እንደ ማለት ነው። ናዳውን ግን ከመጤፍ የቈጠረው ሰው አላየንም።

ጆሺማት በኡታራካንድ ግዛት ውስጥ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው የተራራ ገላ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2011 በተደረገው ቈጠራ የሕዝብዋ ብዛት ወደ 17,000 የሚጠጋ ነበር። ከበታችዋ በገደሉ ሥር ዳውሊጋንጋ ከአላክናንዳ ጋራ ይገናኛል። በሂንዱዎች ዘንድ የታወቀው መምህር ሻንካራ በስምንተኛው መቶ ዓመት በሕንድ አራት ማዕዘን አራት ገዳማት መሠረተ ይባላል፤ የሰሜኑ ገዳም ጂዮቲርማት የተባለው በዚህች ከተማ ያለው ነው። የከተማዋም ስም ከዚሁ ተለውጦ የመጣ ስለ ሆነ በ2024 ጥንታዊው ስም በመንግሥት ተመልሶላታል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ጆሺማት ይላታል። ከበላይዋ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የባድሪናት መቅደስ አለ፤ እርሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በክረምት በረዶ ይሸፍነዋል። በኖቬምበር ወር ደጁ ይዘጋና ስድስት ወር ያህል ሰው አይደርስበትም፤ በዚያን ጊዜ የሻንካራ መንበር ወርዶ በጆሺማት በናራሲምሃ መቅደስ ይቀመጣል። እንግዲህ ጆሺማት ለተሳላሚዎች በበጋ የመንገድ ማረፊያ፤ በክረምት የአምልኮ ስፍራ ናት ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ባድሪናት ወጥተን ዋልን። ከመቅደሱ በታች ከተራራው የሚወጣ ፍል ውሃ አለ፤ ተሳላሚው አስቀድሞ በርሱ ታጥቦ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። እኛ የሃይማኖቱ ሰዎች ስላይደለን በአክብሮት ከውጭ ቆመን አየን። የመቅደሱ ሊቀ ካህናት ከሰሜኑ አገር ሰዎች የሚመረጥ ሳይሆን፤ እጅግ ከራቀው ከደቡብ ከኬራላ የሚመጣ ነው፤ ይህም ከሻንካራ አገር ጀምሮ የወረደ ሥርዓት ነው ይላሉ። ደጁ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፤ ከመቅደሱ በላይ ባለችው ማና በምትባል መንደር የሚኖሩ ሴቶች አንድ የሱፍ ልብስ ሠርተው ያመጣሉ፤ ያም ልብስ በቅቤ ተነክሮ ምስሉ ይሸፈንበታል። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እርሱን ነው፤ «ብርድ እንዳይነካው አለበሱት እንዴ!» እያሉ ደጋግመው ጠየቁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በናራሲምሃ መቅደስ ያለው ምስል ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ አንዱ ክንዱም እጅግ ቀጭን ነው። የአገሩ ሰው ስለዚህ ክንድ የሚናገረው ትንቢት አለ። ክንዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የተሰበረ ቀን በባድሪናት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተራሮች ተገናኝተው መንገዱን ይዘጉታል፤ ከዚያም በኋላ የባድሪ አምልኮ «የሚመጣው ባድሪ» ወደሚባለው ሌላ ስፍራ ይዛወራል ይላሉ። ይህን ነገር ሻይ ከሚሸጠው ልጅ ሰማነው፤ ከአውቶቡሱ ነጂም ሰማነው፤ ትምህርት ቤት ከምትሄድ ሕፃን ልጅም ሰማነው። ትንቢቱን የማያውቅ ሰው በከተማዋ አላገኘንም።

በሦስተኛው ቀን ባደርንበት ቤት ባለቤት አማካይነት ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ተዋወቅን። እኚህ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን በጸሐፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛም በሚገባ ይናገራሉ። እኛም ጸሐፊ መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ እንደ ዘመድ ተቀብለው፤ «ይምጡ፤ ቤቴን ላሳይዎ» ብለው ይዘውን ሄዱ። ቤታቸው ሁለት ፎቅ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ከደጁ አጠገብ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት ተደርጎበት ነበር፤ ባለቤታቸው በነጭ ኖራ ቀብተውታል፤ ነገር ግን ቀዩ በኖራው ውስጥ ገልጦ ይታያል። ይህ ምልክት ቤቱ ሰው ሊኖርበት የማይገባ መሆኑን ለማስታወቅ የተደረገ ነው።

ወደ ውስጥ በገባን ጊዜ ከወለሉ እስከ ጣራው የሚደርስ ስንጥቅ አየን፤ ክፍተቱ እጅ ያስገባል። ሽማግሌው ስንጥቁ ይሰፋ እንደ ሆነ ለማወቅ በግራና በቀኙ በእርሳስ እየሰመሩ ቀኑን በግድግዳው ላይ ጽፈውበታል። የመጀመሪያው ቀን በ2021 መጨረሻ የተጻፈ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ መዝገብ ወደ ታች እየተከታተለ ይወርዳል። ሌሊት ሌሊት ባልና ሚስት በታችኛው ሰፈር በኪራይ ክፍል ያድራሉ፤ ቀን ቀን ግን ተመልሰው ላማቸውን ያበላሉ፤ በዚያው ማድቤት ምሳቸውን ይሠራሉ። እኛም ከዚያው ማድቤት ተጋበዝን። ሴትየዋ እንጀራቸውን ሲጋግሩ ከኋላቸው ግድግዳው ተከፍቶ ሰማይ ይታይ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ከሳጥናቸው አንድ ወረቀት አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ዘረጉልን። ወረቀቱ በ1976 የተጻፈ የጥናት ጽሑፍ ግልባጭ ነው። በዚያን ዘመን በጆሺማት መሬቱ ሲንሸራተት ስለ ታየ፤ መንግሥት የጋርዋል አውራጃዎች የበላይ ሹም በነበሩት በማሄሽ ቻንድራ ሚሽራ ሰብሳቢነት 18 አባሎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴውም መርምሮ የደረሰበትን በግልጽ ጻፈ። ከተማዋ የቆመችው በጽኑ ዐለት ላይ አይደለም፤ ከጥንት ናዳ በወረደ አሸዋና ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ ከባድ ሕንጻ አይሠራባት፤ ድንጋይ በድማሚት አይፈንዳ፤ በገላዋ ላይ ያለው ትልልቅ ድንጋይ ከስፍራው አይነሣ፤ ዛፍ አይቈረጥ፤ ይልቁንም ይተከል፤ የዝናቡ ውሃ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ቦይ ይሠራለት አለ። ነገሩ ይህን ያህል ነው፤ ለመረዳትም ሊቅ መሆን አያሻም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ከተማዋ ራስዋ ትናገራለች። ተሳላሚው ከዓመት ወደ ዓመት ስለ በዛ ሆቴሉ በሆቴል ላይ ተደረበ፤ ቤቱ በዛ፤ የቆሻሻው ውሃ ግን የሚበቃ ቦይ ሳይኖረው ወደ መሬት ይሰርግ ጀመር። በአካባቢው ባለው ተራራ ውስጥ ለኤሌክትሪክ ኃይል ረዥም የውሃ ዋሻ ይቆፈር ጀመር፤ በ2009 መጨረሻም የመቆፈሪያው መሣሪያ በተራራው ውስጥ የነበረ ውሃ ወግቶ በቀን ከ60 እስከ 70 ሚሊዮን ሊትር ይፈስ እንደ ነበረ የምድር ጥናት ሊቃውንት በዓመቱ ጽፈዋል። የከተማዋ ሰው ብዙውን ጥፋት በዋሻው ያመካኛል፤ ሥራውን የያዘው ኩባንያ ግን ዋሻው ከከተማዋ የራቀ ነው፤ ለመስመጥዋም ምክንያት አይደለም ብሎ ይክዳል። እኛ በዚህ ነገር ፈራጅ አይደለንም። በ2021 መጨረሻ በየቤቱ ስንጥቅ ይታይ ጀመር፤ ሰዎቹም አቤት አሉ። በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ግን በአንድ ሌሊት የደፈረሰ ውሃ ከመሬት ፈነዳ፤ ስንጥቁም በከተማው ሁሉ ሰፋ። ከሰማይ በተነሣ ሥዕል በተደረገ ልክ፤ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ በ12 ቀን ውስጥ መሬቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ። ከ860 በላይ ሕንጻዎች መሰንጠቃቸው ተቈጠረ፤ የሁለት ሆቴሎች ሕንጻዎች እርስ በርሳቸው ስለ ተደጋገፉ እንዲፈርሱ ተደረገ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦችም በዚያ ብርድ ከቤታቸው ወጡ። መንግሥት ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለጊዜው 150,000 ሩፒ እርዳታ አዘዘ። የቤትን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ይህ ገንዘብ ቤት እንደማይሠራ ይረዳዋል።

ሽማግሌው ወረቀቱን እያጠፉ፤ «ይህን ጽሑፍ አብዛኛው የከተማችን ሰው ያነበበው ቤቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። እኔ ራሴ በመሥሪያ ቤት ስኖር መኖሩን እሰማ ነበር፤ ፈልጌ ግን አላነበብሁትም» አሉን። በአገራችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ባለቤታቸው ግን ከምድጃው አጠገብ ሆነው የምንነጋገረውን ከባላቸው ሲረዱ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሽማግሌውም ተረጐሙልን። «እኔ ሕፃን ሳለሁ አያቴ በየዓመቱ እጄን ይዛ ወደ መቅደሱ ትወስደኝና ክንዱን ታሳየኝ ነበር፤ እኔም ልጆቼን ወሰድሁ። ስለዚህ እርሱን ሁላችን እናውቃለን። ወረቀት ግን አያት የለውም፤ ማን ወደ ማድቤቴ አምጥቶ ይነግረኛል?» አሉ። ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ምንም መልስ አላገኘንም።

ወረቀት ሁሉ ይረሳል ለማለት አይደለም። ከጆሺማት ጥቂት ራቅ ብላ በዳውሊጋንጋ በኩል ሬኒ የምትባል መንደር አለች። በማርች 26 ቀን 1974 የዚያች መንደር ወንዶች የመሬት ካሣ ትቀበላላችሁ ተብለው ወደ ቻሞሊ ወርደው ሳለ፤ ዛፍ የሚቈርጡ ሰዎች ወደ ደኑ መጡ። ጋውራ ዴቪ የምትባል ባልቴት ሃያ ሰባት ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሰብስባ ወጣች፤ ዛፉን እናቅፈዋለን እንጂ አታስቈርጡንም ብለው ቆሙ፤ ቈራጮቹም ተመለሱ። «ቺፕኮ» ማለት መጣበቅ ማለት ነው፤ በዚህም ስም ነገሩ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ መንግሥት የሊቃውንት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም ሴቶቹ እውነት እንዳላቸው መሰከረ፤ በዚያም አካባቢ ለ10 ዓመት ያህል ዛፍ ለንግድ መቈረጡ ተከለከለ።

አንባቢ ሆይ፤ ልብ በል። ሁለት ኮሚቴዎች፤ በአንድ አውራጃ፤ በአንድ ዘመን ጻፉ። አንደኛው ተሰማ፤ ሁለተኛው ተረሳ። ልዩነቱ በጽሑፉ ማማር አይደለም። የመጀመሪያው ወረቀት ከኋላው የሚናገሩለት ሴቶች ነበሩት፤ ሁለተኛው ግን የሚናገርለት አልነበረውም። ዳሩ ግን ለሬኒም ቢሆን ዕረፍት አልሆነላትም፤ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ከበላይዋ ካለው ተራራ ዐለትና በረዶ ተንዶ ታላቅ ጎርፍ ስለ ሆነ፤ በዚያ ሸለቆ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወይም ጠፍተው ቀሩ።

የችሎት ሰዎች ስለ ሆንን አንድ ነገር ጨምረን እንናገራለን። ከ2023 ጥፋት በኋላ ስምንት የታወቁ የጥናት ተቋሞች መሬቱን መርምረው ጻፉ፤ ጽሑፋቸው ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ወራት ቆየ። በሴፕቴምበር 2023 በናይኒታል የተቀመጠው የኡታራካንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፤ መንግሥት ይህን ጽሑፍ ከሕዝብ የሚሰውርበትን ምክንያት እንዳላየ ተናገረ፤ ጽሑፎቹም ወዲያው ወጡ። ዳኞቹ የተረዱት ነገር ይህ ይመስለናል፤ ስለ አንድ ሰው ቤት የተጻፈ ነገር የዚያው ሰው ገንዘብ ነው።

ይህን ሁሉ በሰማንበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ምክንያቱን ብንሰውር ይህ ጽሑፍ ግብዝነት ይሆንብናል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኛ በምንሠራበት ችሎት አንዲት ባልቴት አቤቱታ አቀረበች። ጎረቤትዋ ቤት ሊሠራ ከአጥርዋ ሥር አፈሩን ስለ ቆፈረ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቁፋሮው እንዲታገድላት ለመነች። እኛም አቤቱታውን ተቀብለን ቍጥር ሰጠነው፤ በመዝገብ ጻፍነው፤ ከሌሎቹም ጋራ አኖርነው። ዳኛ ፊት ለማቅረብ ተራው አልደረሰም ነበር። ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ብትጠይቀን «ተጽፎልሻል፤ አትስጊ» አልናት። በሐምሌ ወር ግንቡ ተንዶ በማድቤትዋ ላይ ወደቀ፤ የልጅ ልጅዋ እግር ተሰበረ፤ ልጅቱ እስከ ዛሬ እያነከሰች ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ መዝገቡ በተመረመረ ጊዜ ቀኑም ቍጥሩም ልክ ሆኖ ስለ ተገኘ በኛ ላይ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኛም መዝገባችን ንጹሕ ስለ ነበረ ልባችንም ንጹሕ ነው ብለን ኖርን። በጆሺማት በእርሳስ የተሰመረውን ግድግዳ እስክናይ ድረስ ያችን ባልቴት አላሰብናትም።

ወደ ዴልሂ ተመልሰን ለእናታችን ሁሉን ነገርናቸው፤ ስለ ክንዱም፤ ስለ ሱፉ ልብስም፤ ስለ ወረቀቱም። በመጨረሻ የባልቴቲቱንም ነገር ሳንሰውር ነገርናቸው። እናታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ምንም አልነቀፉንም፤ «ልጄ፤ እንደዚያ ያለ ወረቀት አሁንም ከሣጥንህ ውስጥ ይኖር ይሆን?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አገራችን በገባን በሦስተኛው ቀን መደርደሪያችንን ከፍተን ፈተሽን፤ ቀኑ ያለፈበት ሦስት አቤቱታ አገኘን። አንዱ ስለ ጉድጓድ ነበር፤ ሁለቱ ስለ ግንብ። ሦስቱንም በዚያው ዕለት ለዳኛው በቃል አነበብን። ባልቴቲቱንም ፈልገን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ይቅር ብላናለች፤ የልጅቱ እግር ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ በሹመትና በሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፤ የዚህ ጽሑፍ ምክር አጭር ነው። ቀድሞ በአገራችን አዋጅ ሲወጣ በወረቀት ብቻ አይቀመጥም ነበር፤ ነጋሪት ተጐስሞ በገበያ ለሕዝብ ይነበብ ነበር። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ማንበብ የሚያውቅ ስላነሰ ብቻ አይመስለንም፤ የተጻፈ ነገር ሥራውን የሚጀምረው ጆሮ በገባ ጊዜ መሆኑን ስላወቁ ነው። ስለዚህ አደጋን የሚያስታውቅ ወረቀት በእጃችሁ በገባ ጊዜ «ተመዝግቧል» ብላችሁ አትረፉ፤ ነገሩ የሚነካው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ከማድቤቱ ድረስ እንዲነገረው አድርጉ። በየቤታችሁም እንዲሁ ነው። አባት የሚያውቀውን የመሬቱን ወሰን፤ የዕዳውን ወረቀት፤ የግንቡን ድካም፤ የሕመሙን ነገር በሣጥን ቈልፎ ለልጆቹ ሳይነግራቸው ቢሞት፤ ጽፎታል ማለት አይረባቸውም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ቅጠሉ ገና በእጃችሁ ሳለ ተናገሩ።

የናራሲምሃ ክንድ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ሽማግሌውም ገና በግድግዳቸው ላይ ቀን እየጻፉ እንደሚኖሩ ባለፈው ወር በላኩልን ደብዳቤ አስታውቀውናል። በደብዳቤያቸውም መጨረሻ፤ አሁን የልጅ ልጃቸው ወደ መቅደሱ በሄደች ጊዜ ክንዱን ካየች በኋላ ከዚያው ተመልሳ ስንጥቁንም እንደምታይ፤ ስለ 1976ቱም ወረቀት አያትዋ በቃል እንደሚያስተምሩዋት ጽፈውልናል። እኛም ይህን ለእናታችን አነበብንላቸው።